የግራፊክስ ካርድ አምራቾችና ኦፕን ሶርስ

ግራፊክስ ካርድ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ዛሬ ከምስልም አልፎ ከባድ ስሌት ይሠራል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴሎች በብዛት የሚሠለጥኑት በእሱ ነው። ካርዱን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ድራይቨር ይባላል። የድራይቨሩ ኮድ ለማንም ክፍት ከሆነ፣ የፈለገ አንብቦ ማረምና ለሌላው ማካፈል ከቻለ፣ ኦፕን ሶርስ ነው እንላለን። ዝግ ከሆነ ደግሞ ተጠቃሚው አምራቹ የሰጠውን እንዳለ ይቀበላል። እዚህ የምናየው ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ኤንቪዲያ፣ ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሆነው በሊኑክስ ዓለም ያለፉበትን መንገድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሠረቱ የተጣለው በ1993 ነው። ብራያን ፖል የተባለ ፕሮግራመር ሜሳ የሚባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ያሉት ክፍት የግራፊክስ ድራይቨሮች፣ ከከርነሉ (ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውጭ ያለው ክፍላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜሳ ውስጥ ይኖራል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ካርድ አምራች ስሪዲኤፍኤክስ በ1999 የግላይድን፣ ማለትም ጌሞች ከካርዶቹ ጋር የሚነጋገሩበትን ሶፍትዌር፣ ኮድ ቢከፍትም፣ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ንብረቱን ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ።

ስለ ኢንቴል ብዙ የሚባል ነገር የለም። ይህም ለእሱ ምስጋና ነው። ድራይቨሩን የሚጽፉት የራሱ መሐንዲሶች ናቸው። ኮዱም በቀጥታ ወደ ከርነሉና ወደ ሜሳ ይገባል። በ2022 ያወጣቸው አርክ ካርዶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

ኤኤምዲ ጋ ስንደርስ ታሪኩ ይረዝማል። ድርጅቱ ኤቲአይን በ2006 በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ከኤቲአይ የወረሰው የሊኑክስ ድራይቨር ዝግ ነበር፤ ተጠቃሚውንም አማሯል። በሴፕቴምበር 2007 ግን ኤኤምዲ የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች ለሕዝብ መልቀቅ እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ወጡ። አብዛኛው ገጽ የሬጅስተር ዝርዝር ነበር። ሬጅስተር ማለት ካርዱ ውስጥ ያለች ትንሽ የትዕዛዝ ሣጥን ናት። በየትኛዋ ሣጥን ምን ቁጥር ቢጻፍ ስክሪኑ እንደሚበራ ወይም ፋኑ እንደሚፈጥን ያላወቀ ሰው ድራይቨር ልጻፍ ቢል በጨለማ መዳበስ ነው የሚሆንበት። እነዚያ ገጾች መብራት ሆኑ። በዚህ ዘርፍ ከተወሰዱ ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይኸኛው ይመስለኛል።

ፍሬው ግን ቶሎ አልበሰለም። ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው አዲሱ ክፍት ድራይቨር ወደ ከርነሉ የገባው በ2015፣ በሊኑክስ 4.2 ነው። በ2016 መጨረሻ ደግሞ ድርጅቱ ስክሪን የሚቆጣጠር ወደ 100 ሺህ መስመር የሚጠጋ ኮድ ይዞ መጣ። የከርነሉ የግራፊክስ ክፍል ኃላፊ ዴቭ ኤርሊ አልቀበልም አለ። ኮዱ ከርነሉ ውስጥ የራሱን ሌላ ንብርብር የሚዘረጋ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ነገ ከአምራቹ ውጭ ማንም ሊጠግነው አይችልም። ኤኤምዲ ግን አላኮረፈም። ተመልሶ አሻሻለው፤ ኮዱም በሊኑክስ 4.15 ገባ። ትልቅ ድርጅት ለማኅበረሰብ ሕግ እንዲህ ሲገዛ ማየት ደስ ይላል።

በዚያው በ2016 ሌላም ነገር ሆነ። ኤኤምዲ የቩልካን ድራይቨሩን እከፍታለሁ ብሎ ነበር (ቩልካን ጌሞች ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ ነው)፤ ግን ዘገየ። ኤርሊና ባስ ኒውወንሃውዘን ሳይጠብቁ ራድቪ የተባለውን ራሳቸው ጻፉ። የጌም ድርጅቱ ቫልቭ ከጎናቸው ቆመ። በ2022 ለገበያ የቀረበው የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ ስቲም ዴክ ጌሞችን የሚያጫውተው በዚሁ ድራይቨር ነው። በ2025 ኤኤምዲ የራሱን ክፍት የቩልካን ድራይቨር አቁሞ ድጋፉን ለራድቪ ሰጠ።

ኤንቪዲያ ለረጅም ጊዜ የሄደው በተቃራኒው ነው። የሊኑክስ ድራይቨሩ ፈጣን ነበር፤ ግን ዝግ። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩም አብሮ መስተካከል ነበረበት። ያ ሳይሆን ከቀረ ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። በጎ ፈቃደኞች በበኩላቸው ኑቮ የተባለ ድራይቨር መሥራት ጀመሩ። ዘዴያቸው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ዝጉ ድራይቨር ሲሠራ ወደ ካርዱ የሚልከውን ቁጥር እየመዘገቡ፣ ይህ ምን ያደርጋል፣ ያኛውስ፣ እያሉ ትርጉሙን ፈለቀቁ። ኑቮ በ2010 ሊኑክስ 2.6.33 ውስጥ ገባ።

በ2012 የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ አንዲት ታዳሚ ስለ ላፕቶፗ ጠየቀችው። ሁለት ግራፊክስ ቺፕ ያለው ሆኖ ሊኑክስ ላይ አስቸግሯት ነበር። እሱም ኤንቪዲያ ካጋጠሟቸው ድርጅቶች ሁሉ የከፋው ነው አለ፤ ወደ ካሜራው ዞሮም እዚህ የማይጻፍ ስድብ ተሳደበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ባሰ። ከጂቲኤክስ 900 ካርዶች ጀምሮ ካርዱ ኤንቪዲያ ያልፈረመበትን ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚሠራውን ሶፍትዌር፣ አልቀበል አለ። ኑቮ ፍጥነት መጨመር አቃተው። ውድ ካርድ የገዛ ሰው በዝቅተኛው ፍጥነት ሲንፏቀቅ ቀረ።

በሜይ 2022 ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ ከፈተ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላፕሰስ የተባሉ ሰርጎ ገቦች ድርጅቱን ዘርፈው ድራይቨሩ ኦፕን ሶርስ ይሁን ብለው ነበር። ለዚህ ነው የከፈተው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በሦስት ወር ስለማያልቅ ዝግጅቱ ቀድሞ የተጀመረ ይመስላል። ደግሞም ሁሉም አልተከፈተም። ብዙው ሥራ ካርዱ ላይ ወዳለ ፈርምዌር ተዛውሯል፤ ፈርምዌሩ ዝግ ነው። ካርዱን ለስሌት የሚያሠራው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ኩዳም እንደተዘጋ ነው። ቢሆንም ኤንቪኬ የተባለው የቩልካን ድራይቨርና ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፈው የከርነል ድራይቨር ኖቫ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው።

በስሌት በኩል ኩዳ ከ2007 ጀምሮ ገበያውን ይዟል። ኤኤምዲ በ2016 ሮክኤም የተባለውን ክፍት አማራጭ አቀረበ። የሚደግፋቸው ካርዶች ዝርዝር ግን አጭር ነው፤ ይህ መታረም አለበት። የኩዳ ፕሮግራሞችን በኤኤምዲ ካርድ የሚያስኬደውን ዝሉዳንም ለተወሰነ ጊዜ በገንዘብ ደግፎ ነበር። በ2024 የተለቀቀው ኮድ በራሱ በኤኤምዲ ጥያቄ ተነሥቷል። ጉዳዩ የሕግ ነበር፤ ድርጅቱም ከጥንቃቄ ያደረገው ይመስለኛል።

የድራይቨር ክፍት መሆን ጎልቶ የሚታየው በአሮጌ ካርዶች ነው። ሬዲዮን ኤችዲ 7970 በ2012 መጀመሪያ ገበያ ላይ ዋለ። ኤኤምዲ የዊንዶውስ ድጋፉን በ2021 አቆመ። ሊኑክስ ላይ ግን በ2025 መጨረሻ፣ ለሊኑክስ 6.19 በተዘጋጀ ኮድ፣ ይህ የካርድ ትውልድ በቀጥታ ወደ ኤኤምዲጂፒዩ እንዲዛወር ተደረገ። ሥራው የተሠራው በቫልቭ ድጋፍ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው፣ እኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ የ14 ዓመት ካርድ ዛሬም አዲስ ማሻሻያ ያገኛል።