ድጋፍ የሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ አመራረጥ

ድጋፍ የሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ብቻቸውን መኖር የከበዳቸው ነገር ግን የማያቋርጥ የሕክምና ክትትል የማያስፈልጋቸው ሰዎች፣ የራሳቸው ክፍል ኖሯቸው በምግብ፣ በጽዳትና በዕለት ተዕለት ኑሮ እየታገዙ የሚኖሩበት ተቋም ነው። ነርሶች ሌት ተቀን ከሚገኙበት የሕሙማን መንከባከቢያ የሚለየውም በዚህ ነው።

ቤት ከማየት በፊት ሊገባበት የታሰበው ሰው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው በቅጡ ማወቅ ይቀድማል። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙትና ዛሬም የሚሠራበት መለኪያ ስድስት ተግባራትን ይመዝናል፤ እነርሱም ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርና መመገብ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መታጠብ ቀድሞ ያቅታል፤ ራስን መመገብ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ለመታጠብ ብቻ ሰው የሚፈልግ አረጋዊ ውሎ አድሮ ከአልጋ ለመነሳትም ደጋፊ ሊያሻው እንደሚችል ታስቦ፣ ቤቱ ያንን መሸከም ይችል እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ጎብኚን የሚማርከው የእንግዳ መቀበያው ውበት ነው፤ ስለ አኗኗሩ ግን እምብዛም አይናገርም። የምሳ ሰዓት ላይ ሳያሳውቁ መሄድ፣ መቁረስና መጉረስ ለተቸገረ ሰው የሚያግዘው ሠራተኛ አጠገቡ ይቀመጥ ወይስ ቆሞ ይቸኩል እንደሆነ ማየት የበለጠ ያስረዳል። የሌሊቱ ፈረቃ በተለይ መጣራት አለበት፦ ስንት ሠራተኛ ያድራል? መጸዳጃ ቤት የወደቀ ሰው ሠራተኛ ለመጥራት የሚጎተተውን ገመድ ወለል ላይ ሆኖ ይደርስበታል? መድኃኒት የሚሰጠው ማነው፣ የተሰጠበትስ ሰዓት የት ይመዘገባል? የመርሳት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ሳይታይ ወጥቶ እንዳይጠፋ በሮቹ እንዴት እንደሚጠበቁ መታወቅ ይኖርበታል።

ቤተሰብ ችላ የሚለው፣ በኋላም ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ውሉ ነው። ወርሃዊው ክፍያ ብዙ ጊዜ ክፍሉንና ምግቡን ብቻ ይሸፍናል፤ እገዛው በደረጃ ተከፋፍሎ ይታሰባል፤ ደረጃውን ከፍ የሚያደርገውም ራሱ ተቋሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነዋሪው የሚያስፈልገው እገዛ ዳግም ምዘና በማን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚካሄድና የዋጋ ጭማሪ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር በጽሑፍ መስፈር አለበት። ነዋሪው በምን ምክንያት እንዲለቅ ሊጠየቅ እንደሚችል፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሲቆይም ክፍሉ ይጠበቅለት እንደሆነና በዚያ ጊዜ የሚከፈለው ሙሉው ነው ወይስ ተቀናሽ አለው የሚለው ከመፈረም በፊት መነበብ ያለበት አንቀጽ ነው።