«የተቆረጠ ኩክ»፦ ግን ማን ቆረጠው?

ባለፈው እሁድ እዚህ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ ከአበሾች ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። በቅርቡ የመጣች አንዲት እህት የደችኛ (የሆላንዶች ቋንቋ) ፈተናዋ ደርሶ ጨንቋታል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሊያጽናናት ብሎ «አይዞሽ፣ ኸስኔደን ኩክ ነው» አላት። የደችኛ አባባል ነው፣ «የተቆረጠ ኩክ» እንደማለት። ቀላል ነው ማለቱ ነበር። ልጅቷ ፈገግ አለች፣ ፊቷ ግን አልተፈታም። እኔም ቅር አለኝ።

ኩክ ስላችሁ ለልደት የሚቆረጠው ክሬም የተቀባ ኬክ አይምጣባችሁ። ይሄኛው ጠቆር ያለ፣ እንደ ጡብ ረዘም ያለ ነው። ሆላንዶች ቁርስ ላይ ወይም ከቡና ጋር ይበሉታል። ስንዴ ከሚመስለው ራይ ከሚባል እህል ዱቄት ይሠራል። ማር ወይም የስኳር ሽሮፕ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል ይገባበታል። በአይሰል ወንዝ ዳር ያለችው ዴቨንተር ስሟ የሚነሳው በዚሁ ኩክ ነው። የድሮ ጋጋሪዎች ሊጡን አቡክተው ለሳምንታት ያስቀምጡት ነበር። ሲያወጡት በእጅ አይታሽም፤ በረጅም እንጨት እየተጫኑ ነው የሚያለሰልሱት።

ኬርሚስ በሚባለው የጨዋታ ባዛር ላይ ደግሞ ኩክሃከን የሚሉት ጨዋታ ነበር። ኩኩ ግንድ ላይ ይጋደማል፣ ተጫዋቹ መጥረቢያ ያነሳል። በጥቂት ምት ለሁለት የከፈለ ያሸንፋል። አስቡት፣ ጣፋጭ በመጥረቢያ! እኔ አባባሉ የተወለደው እዚህ ግንድ ላይ ነው ባይ ነኝ። መጥረቢያ የሚጠይቅ ነገር ተቆርጦ ሲቀርብልህ እፎይ ትላለህ። ቃሉን ራሱን እዩት፤ «ለስላሳ ኩክ» ወይም «ትንሽ ኩክ» አላሉም። «የተቆረጠ» ነው ያሉት። ቆራጭ አለው ማለት ነው።

በዘጠኝ ዓመቴ ዴቨንተር አጠገብ ያለች መንደር ገባን። ጎረቤታችን የነበሩትን አሮጊት ሰፈሩ ሁሉ ኦማ፣ አያት እንደማለት፣ ይላቸው ነበር። በንግሥቲቱ ቀን፣ ያኔ ኤፕሪል 30 ይከበር ነበር፣ ልጆች ኩክሃፐን ይጫወታሉ። ቁራጭ ኩክ በክር ይንጠለጠላል። እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ በአፍህ ብቻ ትይዘዋለህ። እኔ ሲወዛወዝብኝ አፍንጫዬንና ጉንጬን ለቀለቀው፤ ስይዘው ግን ቀረፋው እስካሁን አፌ ላይ አለ።

በዓመቱ፣ በዚያው በዓል ቀን ጠዋት በማለዳ ኦማ ቤት ተላክሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል። ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር፣ ቆረጥ፣ እንደገና ነከር። ላዩ ስለሚጣበቅ ካልነከሩት ይቀደዳል። ከዚያ በትልቅ መርፌ ክር ያስገቡበታል። ጠረጴዛው ሞልቷል። «ለእናንተ ኸስኔደን ኩክ ነው» አሉኝ፣ ጫፉን እየሰጡኝ። አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ «ለእሱ» ወይም «ለእሷ» የሚል አብሮት ይሄዳል። «ይህ ለእሱ የተቆረጠ ኩክ ነው» ይባላል። «ለማን» የሚለው ሲጣል ግን፣ ቀላል የተባለ ነገር ሁሉ የተቆረጠ ኩክ ይሆናል። ጥፋቱን ግማሹን የምጥለው ሱፐርማርኬት ላይ ነው። ኩኩ ተቆርጦ በፕላስቲክ ታሽጎ ሲመጣ ቢላዋን ማን ያስታውሳል?

የኔ ወንድም፣ ደችኛው ላንተ ተቆርጦልሃል። መዋዕለ ሕፃናት ቆርጠውልሃል፣ የሰፈር ልጆች ቆርጠውልሃል። ለእሷ ግን ገና ሙሉው ኩክ ፊቷ ተጋድሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለህ አስጠናት፤ ከዚያ በኋላ «የተቆረጠ ኩክ ነው» ብትላት ቅር አይለኝም።