ድንገተኛ ክፍል፦ ታካሚ ምን ሊጠብቅ ይገባል?

ድንገተኛ ክፍል ቀጠሮ የለውም፤ ሌሊትም በዓልም አይዘጋም። ዋና ሥራው ሕይወትን ቶሎ የሚያሰጋ ነገር መኖር አለመኖሩን መለየት፣ ካለም በሽተኛውን ማረጋጋት ነው። የቆየ ሕመምን ሥሩ ድረስ መመርመር በአብዛኛው የሌላ ክፍል ድርሻ ነው። አብዛኛው ቅሬታ የሚነሳው ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ይመስለናል።

ቁስለኞችን በማዕረግ ሳይሆን በጉዳታቸው ክብደት ለይቶ ማከም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከናፖሊዮን ጦር ሐኪም ከዶሚኒክ ዣን ላሬ ጋር ነው። የድንገተኛ ሕክምና ሙያ ራሱን የቻለው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ዶክተር ጄምስ ሚልስና ባልደረቦቹ የግል ሥራቸውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለድንገተኛ ክፍል ሰጡ። በ1970 የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀመረ። በ1979 ደግሞ ሙያው በአሜሪካ የሕክምና ዘርፍ ሆኖ ታወቀ።

ዛሬ በሩ ላይ የሚጠብቃችሁ ትሪያጅ፣ ማለትም ታካሚዎችን በሕመማቸው አስቸኳይነት መለየት ነው። ነርሷ ገና ስትገቡ አተነፋፈሳችሁን ታያለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ችላችኋል ወይስ በየቃሉ ትንፋሽ ያጥራችኋል? ጣታችሁ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ታደርጋለች፤ ግፊት፣ የልብ ምትና ሙቀት ትለካለች። ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሳ ደረጃ ትሰጣለች። ትልቅ ችሎታ ነው፤ የሚገባውን ያህል አይመሰገንም።

ብዙ አገር የሚሠራበት የማንቸስተር ትሪያጅ አምስት ቀለም አለው። ቀይ ወዲያውኑ ይታያል። ብርቱካናማ በ10፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ክፍሉ ሲጨናነቅ ግን ይህ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከእናንተ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሟችሁ ቢገባ ወገንተኝነት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። እየጠበቃችሁ ሕመሙ ከባሰ ግን ዝም አትበሉ፤ ተመልሳችሁ ለነርሷ ንገሯት።

ደረቱን ያመመው ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እንዲነሳ ይመከራል። ኢሲጂው ደህና ቢሆንም ወዲያው ወደ ቤት ላይላክ ይችላል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒን ገና ላይታይ ስለሚችል፣ ምርመራው ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። በስትሮክ (የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ በሚመጣው ሕመም) ግን ደቂቃዋም ዋጋ አላት። ደም የረጋበትን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አስታማሚ ሊመልሰው የሚገባው ትልቁ ጥያቄም «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው መቼ ነው?» የሚለው ነው።

የሆድ ሕመም ላይ ማስታገሻ መስጠት ምርመራውን ያደናግራል የሚል የቆየ እምነት አለ። ጥናቶች አልደገፉትም፤ ስለዚህ ማስታገሻ መጠየቅ ነውር አይደለም። እስክትታዩ ድረስ ግን ሳትጠይቁ አትብሉ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ።

አልጋ እስኪገኝ ክፍሉ ውስጥ ማደር ያጋጥማል። የበሽታው ስም ሳይታወቅ መሰናበትም የተለመደ ነው። ይህ ማለት አስጊ የሆነው ተፈልጎ አልተገኘም ማለት እንጂ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ምልክት ከታየ ተመልሰን እንምጣ? ክትትሉስ የት ነው?