አይሶፍላቮን ምንድን ነው? የአኩሪ አተሩ «የሴት ሆርሞን» ጉዳይ

የአኩሪ አተር ወተት ስጠጣ ያየኝ ጓደኛዬ «ተው አንተ፣ ጡት ታበቅላለህ!» አለኝ። መቀለዱ ነበር፤ ግን ግማሹ የምሩን ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዲት ዘመዴ ስልኳን ይዛ መጣች። የአኩሪ አተር እንክብል ማስታወቂያ ነው። የማረጥን ወበቅ ያጠፋል፣ አጥንት ያጠነክራል፣ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ምን የማያደርገው ነገር አለ! «ልግዛው ወይ?» ትለኛለች።

እሱ የፈራውና እሷ የጓጓችለት ነገር አንድ ነው። አይሶፍላቮን ይባላል።

ሲጀመር ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለም። አይሶፍላቮን የጥራጥሬ ተክሎች የሚያመርቱት ውህድ ነው። አኩሪ አተር ሻጋታ ሲያጠቃው ይከላከልበታል። አፈር ውስጥ ላሉ ባክቴሪያዎችም መጥሪያ ነው። ከሥሩ ያመነጨዋል፤ እነሱ ይመጡና ሥሩ ላይ እባጭ ሠርተው ናይትሮጅን ያዘጋጁለታል። ሌሎች ጥራጥሬዎችም ውስጥ አለ፤ ግን በጣም ትንሽ ነው። ከተለመዱት ምግቦች የአኩሪ አተርን ያህል የያዘ የለም። ዋነኞቹ ዓይነቶች ጄኒስቴይንና ዳይድዜይን ናቸው።

ታዲያ የሆርሞኑ ወሬ ከየት መጣ? ከበጎች።

በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ክሎቨር የሚባል መኖ ላይ የተሰማሩ እናት በጎች መውለድ አቆሙ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲታዩ ጠግበዋል፣ አምሮባቸዋል። ግን አይፀንሱም፤ የፀነሱትም ምጥ ይጠናባቸዋል። በ1946 የታተመ ጥናት ጥፋቱ የመኖው መሆኑን አሳየ። ኋላ ላይ ሲጣራ ክሎቨሩ ውስጥ ከአይሶፍላቮን ወገን የሆነ ፎርሞኖኔቲን የተባለ ውህድ ተገኘ። ይህ ውህድ የበግ ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ኢኩዎል ይለወጣል። ኢኩዎል ደግሞ እንደ ኤስትሮጅን፣ ማለትም እንደ ዋናው የሴት ሆርሞን፣ መሥራት ይችላል። በነገራችን ላይ ኢኩዎል ስሙን ያገኘው ከፈረስ ነው፤ በ1932 መጀመሪያ የተለየው ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ነበርና።

እነዚህ ውህዶች በጥቅሉ «ፋይቶኤስትሮጅን» ይባላሉ፤ የተክል ኤስትሮጅን ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይሄኛውን ያወጣው መልአክ ግን ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል። ስሙን የሰማ ሰው ሁሉ የሴት ሆርሞን በብርጭቆ እየተቀዳለት ይመስለዋል። በጎቹ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ክሎቨር ሲግጡ የሚውሉ ነበሩ። አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ሰው ጋር አይወዳደሩም።

ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን እንዲህ አስቡት። ኤስትሮጅን ሥራውን የሚሠራው ሕዋሶች ውስጥ ያሉ «ተቀባዮች» ላይ ሲቀመጥ ነው። ተቀባዩን የአለቃ ወንበር በሉት። አይሶፍላቮን ቅርጹ ከኤስትሮጅን ጋር ስለሚመሳሰል ወንበሩ ላይ ቁጭ ማለት ይችላል። ማህተሙ ግን በእጁ የለም። ጉልበቱ ከሰውነታችን ኤስትሮጅን ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች እጥፍ የደከመ ነው። እንዲያውም እሱ ወንበሩን ሲይዝ እውነተኛው አለቃ መቀመጫ የሚያጣበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የኤስትሮጅን ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ወንበሩ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ተቀባዮች አሉ። ቤታ የተገኘው በ1996 ነው፤ ያ ግኝት የአይሶፍላቮንን ታሪክ በብዙ ለውጦታል። ኤስትሮጅን ሁለቱም ላይ እኩል ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ጄኒስቴይን ግን ቤታን በጣም ያስበልጣል። ማህፀን ውስጥ የሚበዛው አልፋ ነው። ስለዚህ አይሶፍላቮን በአንዱ የሰውነት ክፍል ትንሽ ሲሠራ በሌላው ምንም ላይሠራ ይችላል። «ኤስትሮጅን ነው» ማለትም፣ «አይደለም» ማለትም የማያስኬደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በወንዶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው የመዘኑ ጥናቶች በ2010ም በ2021ም ወጥተዋል። አኩሪ አተርም ሆነ አይሶፍላቮን ቴስቶስትሮንን፣ ማለትም ዋናውን የወንድ ሆርሞን፣ አልቀነሰም። ጓደኛዬ የሰማው ወሬ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2008 የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአንድ የ60 ዓመት ሰው ታሪክ አለ። ጡቱ አብጦ ያመዋል፣ ኤስትሮጅኑም ከፍ ብሏል። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ነገሩ ከአመጋገቡ ተገኘ። ሰውየው በቀን ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ የአኩሪ አተር ወተት ይጠጣ ነበር። ሲተወው ሕመሙ ለቀቀው። በቀን 3 ሊትር! ማንም ሰው ምንም ነገር በዚያ ልክ ቢጠጣ ሐኪም ቤት ደጃፍ መገኘቱ አይቀርም።

የዘመዴ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ስለ ወበቁ ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። በ2012 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥናት፣ በአማካይ በቀን 54 ሚሊግራም አይሶፍላቮን የወሰዱ ሴቶች ምንም የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ይልቅ ወበቃቸው በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። አንድ አምስተኛ ትንሽ አይደለም። ግን «ያጠፋል» አይባልም። ደግሞ ሳምንታት መታገስ ይጠይቃል። ስለ አጥንት ያለው ማስረጃ የተደበላለቀ ነው። ስለ ቆዳው ማስታወቂያው ይጨነቅበት።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ዳይድዜይንን ወደ ኢኩዎል የሚለውጡት አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሁሉም ሰው ዘንድ የሉም። በምሥራቅ እስያ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሰው ኢኩዎል ያመርታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ4 ሰው 1 ገደማ ነው። ሁለት እህትማማቾች አንድ ዓይነት እንክብል ውጠው አንዷ «ተሻለኝ»፣ ሌላዋ «ገንዘቤን በላው» ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የጡት ካንሰርስ? የብዙዎች ፍርሃት ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱም አንዳንዱ የጡት ካንሰር ኤስትሮጅን ሲያገኝ ይፋፋል። በ2009 የታተመ የሻንጋይ ጥናት የጡት ካንሰር የታከሙ 5,042 ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሏል። አኩሪ አተር በብዛት የሚበሉት ላይ በሽታው የመመለሱም፣ የመሞትም መጠን ዝቅ ያለ ነበር። ይህ በክትትል የታየ ዝምድና ነው፤ «አኩሪ አተር ካንሰር ይከላከላል» ብሎ ለመፎከር አይበቃም። ፍርሃቱን ለማብረድ ግን ይበቃል። እነዚያ ሴቶች የሚበሉት ምግብ እንደነበረ ደግሞ አይረሳ። የተጨመቀ እንክብል ሌላ ነገር ነው። ሕክምና ላይ ያለች ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንክብል ባትጀምር ይሻላል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ አኩሪ አተር የሚመሰገነው በአይሶፍላቮን አይደለም። የሚመሰገነው በአሰልቺው ነገር ነው። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ሰውነታችን ራሱ የማይሠራቸውን 9ኙንም አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ የያዘ ፕሮቲን። 20 ግራም የሚሆን ስብ አለው፣ አብዛኛው ለልብ የሚስማማው ዓይነት። 9 ግራም ያህል ደግሞ አሰር። ልብን በተመለከተ መጀመሪያ ላይ ተስፋው ሰማይ ነክቶ ነበር። በ1995 የወጣ ጥናት የአኩሪ አተር ፕሮቲን መጥፎውን ኮሌስትሮል በ13 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል አለ። በ1999 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ለልብ ይበጃል ተብሎ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ። ቀጥሎ የመጡት ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 3 እና 4 ከመቶ አወረዱት። በ2017 ያው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ለመሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። ይህች ትንሽ ቅናሽም ብትሆን የፕሮቲኑ እንጂ የአይሶፍላቮኑ ሥራ አይደለችም፤ አይሶፍላቮን ብቻውን ሲሰጥ ኮሌስትሮሉን ንቅንቅ አላደረገውም። ትልቁ ጥቅም ጮማውን ተክቶ ሲገባ ነው።

አይሶፍላቮኑን ለሚፈልግም መጠኑ ሩቅ አይደለም። አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት ወይም 100 ግራም ቶፉ (ከወተቱ የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) 25 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። በዘይቱ ውስጥ የለም። ሶያ ሶስ ውስጥ ከቁጥር አይገባም።

የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ግን አንዴ ስሙኝ። አኩሪ አተር ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያህል ማራራቅ ነው። አለርጂው ያለበት ሰውማ ከነጭራሹ አይንካው።

ዘመዴ እንክብሉን ትታ ወተቱን ልትሞክር ወሰነች። ጓደኛዬ ግን የሆርሞኑን ክርክር ሲሸነፍ አዲስ ሰበብ አመጣ። «ሣር ሣር ይላል» አለኝ። በዚህስ እውነቱን ነው። ፍሬው በቀዝቃዛ ውሃ ሲፈጭ ውስጡ ያለ ኤንዛይም ስቡን ነክቶ ያን ሽታ ያወጣዋል። እኔ የማደርገውን ነገርኩት። ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ድቡልቡል የነበረው ጠዋት ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በፈላ ውሃ እፈጨዋለሁ። ጨምቄው ስጥደው አረፋው ቶሎ ይገነፍላል፤ ፈላ ብሎ ማውረድ ግን ስህተት ነው። ያ አረፋ ሐሰተኛ ነው፣ ገና አልፈላም። እሳቱን ቀነስ አድርጎ ቢያንስ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ማንተክተክ ያስፈልጋል። ጥሬው አኩሪ አተር፣ ሆድ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ሆድ ይነፋል። የመጀመሪያ ቀን ያን ሳላውቅ ጠጥቼ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴ ሲጮህ አደረ።