ካውንቲ ምንድን ነው? 64 ሰው የሚኖርባት ላቪንግ

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ «የከተማችሁ ከንቲባ ማን ነው?» ቢባል መልስ አያገኝም። ከንቲባ የለማ! ስንት የአበሻ ሬስቶራንት የተደረደረባት ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም። ፖሊሱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቤት ግብሩም የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለውም እንደዚያው ነው።

ካውንቲ ማለት አብዛኛው ስቴት መሬቱን ሸንሽኖ የሚያስተዳድርበት እርከን ነው። በመላ አሜሪካ ከ3,000 በላይ አሉ፤ ሉዊዚያና ውስጥ ፓሪሽ፣ አላስካ ውስጥ ቦሮው ይባላሉ። የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው፣ የቤት ካርታ የሚመዘገበው፣ የምርጫ ድምፅ የሚቆጠረው ባብዛኛው እዚያ ነው። ዋናው ነገር ግን ካውንቲ የሚፈጠረው በሰው ብዛት ሳይሆን በካርታ ላይ በተሰመረ ወሰን መሆኑ ነው። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ 10 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አለው። ቴክሳስ ውስጥ ያለችው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ስትቆጠር የተገኘባት 64 ሰው ነው። ሁለቱም ግን እኩል ካውንቲ ናቸው።

ላቪንግ በምዕራብ ቴክሳስ ከኒው ሜክሲኮ ጋር ትዋሰናለች። ስፋቷ 1,750 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባን ከሦስት እጥፍ በላይ ታክላለች። ሜዳማና ደረቅ ናት። የሚበቅልባት ቁጥቋጦ ሜስኪት ይባላል፤ አፋርን የወረረው የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው። በምዕራብ በኩል የፔኮስ ወንዝ ይወስናታል፤ ውሃው ግን ጨዋማ ስለሆነ ወንዝ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠጣ ውሃ በቦቴ ማስመጣት ለብዙ ዓመታት የኖረ ነገር ነበር። ያለቻት መንደር አንዲት ናት፤ ሜንቶን። እሷም እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም።

ታሪኳ ደግሞ አስቂኝ ነው። በ1887 የቴክሳስ ምክር ቤት ከቶም ግሪን ካውንቲ ቆርሶ አወጣትና፣ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ ከብት ሲነዳ ኮማንቼ በሚባሉት ነባር ተወላጆች ቆስሎ በሞተው በኦሊቨር ላቪንግ ስም ሰየማት። ሰው ግን አልነበረባትም። በ1893 ከዴንቨር የመጡ ሰዎች የመስኖ ኩባንያ አቋቁመው፣ ብዙ ነዋሪ እንዳለ አስመስለው አቤቱታ አስገቡና ካውንቲው ተደራጀ፤ ሹማምንትም ተመረጡ። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ሞልቶ ሥራቸውን ጠራርጎ ወሰደው። ሹማምንቱም እልም አሉ። በ1897 ምክር ቤቱ ካውንቲውን አፍርሶ ከጎረቤቱ ከሪቭስ ጋር ቀላቀለው። እንደገና የቆመው በ1931 ነው፤ በቴክሳስ ካሉት 254 ካውንቲዎች ሁለት ጊዜ የተደራጀ ሌላ የለም። ያስነሳው በ1920ዎቹ የተገኘው ነዳጅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ቁጥር ቁልቁል ሄደ። በ1940 ቆጠራ 285፣ በ1980 91፣ በ2000 67 ደረሰ፤ በ2010 ግን ትንሽ ከፍ ብሎ 82 ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1970ዎቹ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆች ወደ ጎረቤት ካውንቲ ዊንክ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ሰው ቢሳሳም መንግሥቱ ሙሉ ነው። በ1935 የተሠራ ፍርድ ቤት አለ። «ካውንቲ ጃጅ» የሚባለው፣ ስሙ ዳኛ ቢሆንም ዋና ሥራው ከአራት ኮሚሽነሮች ጋር ሆኖ ካውንቲውን መምራት ነው። ሸሪፍም አለ፤ ግብር መሰብሰቡም የሱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ በቴክሳስ ታሪክ ለሸሪፍነት የተመረጠችው የመጀመሪያዋ ሴት የዚህች ካውንቲ ኤድና ሪድ ክሌይተን ዲዊስ ናት፤ በ1945 ተሾመች፣ ኋላም በምርጫ አሸነፈች። ሽጉጥ አትታጠቅም ነበር ይባላል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ቴክሳስ ከደሞዝ የሚቆረጥ የስቴት ግብር የላትም፤ ካውንቲ የሚኖረው ባብዛኛው በንብረት ግብር ነው። መሬት ውስጥ ያለ ነዳጅ ደግሞ በቴክሳስ ሕግ እንደ ንብረት ተገምቶ ይቀረጥበታል። ላቪንግ የተቀመጠችው ፐርሚያን በሚባለው የነዳጅ ምድር ላይ ስለሆነ ግብር የሚከፈልበት ንብረቷ በቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ቀን ሜንቶንን ሰንጥቆ በሚያልፈው 302 አውራ ጎዳና ላይ የነዳጅና የአሸዋ መኪና ተሰልፎ ሲያዩ 64 ሰው የሚለው ቁጥር ውሸት ይመስላል። ውሸት ግን አይደለም። ቆጠራው ሰውን የሚመዘግበው ዘወትር በሚኖርበት ቤት ነው፤ እዚህ በፈረቃ የሚሠራው ሠራተኛ ደግሞ ቤቱ ሌላ ከተማ ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ገንዘቡ ብዙ፣ መራጩ ጥቂት፤ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ቢስማማ ኮሚሽነር ያስመርጣል። ሥልጣኑም ለረጅም ጊዜ በጥቂት ቤተሰቦች መካከል ሲዞር ኖሯል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሊበርታሪያን የሚባሉ፣ መንግሥት በሰው ሕይወት ጣልቃ እንዳይገባ የሚሹ አቀንቃኞች ይህን አይተው ሰው አስፍረን ካውንቲውን በምርጫ እንያዘው ብለው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። በ2020 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ደግሞ ትራምፕ 60፣ ባይደን 4 ድምፅ አገኙ፤ የቀረውን ጨምሮ የተሰጠው ድምፅ ባጠቃላይ 66 ነበር። ከነዋሪው በሁለት በለጠ ማለት ነው፣ ያውም ሕፃናቱን ሳንቀንስ። ይህ በራሱ የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። በቴክሳስ የምርጫ ሕግ የመራጭ መኖሪያ ማለት ሰውየው ለጊዜው ቢለይም ሊመለስበት የሚያስበው ቤት ነው። ሕጉ በ2021 ከመጥበቁ በፊት እዚያ የእርባታ ቦታ ያለው ሰው ሌላ ከተማ ከርሞ «ቤቴ ላቪንግ ነው» ብሎ ሊመዘገብ ይችል ነበር፤ ተቃዋሚውም ፍርድ ቤት ወስዶ ይሞግተው ነበር።