ሰምቶ የሚያደርገው

ጌታችን በተራራው ላይ ያስተማረውን ትምህርት የጨረሰው በሁለት ቤቶች ነው። አንዱ ቆመ፣ አንዱ ወደቀ። ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጀምሮ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ካስተማረ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ስለዚህ ይህን ቃሌን ሰምቶ የሚያደርገው ሁሉ ቤቱን በዓለት ላይ የሠራ ልባም ሰውን ይመስላል» (ማቴ. 7፥24)።

ምሳሌውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ቶሎ እናልፈዋለን። በዓለት ላይ የሠራው አማኙ፣ በአሸዋ ላይ የሠራው ደግሞ የማያምነው ሰው ይመስለናል። እስቲ ደግመን እናንብበው። ሁለቱም ሰምተዋል። ያንኑ ቃል፣ ከዚያው ከጌታ አፍ ነው የሰሙት። ወደ እኛ ስናመጣው ሁለቱም ያስቀድሳሉ። ሁለቱም ከጉባኤ አይቀሩም። ሁለቱም ስልካቸው ላይ የተጫነ ስብከት አላቸው። የለያቸው ከሰሙ በኋላ የሆነው ነገር ብቻ ነው። አንዱ የሰማውን አደረገው፣ ሌላው ሰምቶ ተወው። ስለዚህ ምሳሌው የተነገረው ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የለበትም። ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ዝናቡ የሚጥለው ከከተማው በላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። እነዚያ ወገኖቻችን የሞቱት ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ነገሩን ያነሣሁት የጌታ አድማጮችም እንዲህ ያለ መሬት ያውቁ ስለነበር ነው። በዚያም አገር ሸለቆው በጋውን ደርቆ ይከርምና የዝናቡ ወራት ሲመጣ በድንገት ይሞላል። በበጋ ለሚያያቸው ሰው ሁለቱ ቤቶች አይለዩም። እንዲያውም አሸዋው ላይ ያለው ቶሎ ያለቀና ብዙ ድካም ያልጠየቀ ነው። ሌላው ግን፣ ቅዱስ ሉቃስ እንደጻፈው፣ ዓለቱን እስኪያገኝ ጥልቅ አድርጎ ቆፍሯል (ሉቃ. 6፥48)።

ልብ በሉ፣ ዓለት ላይ ለሠራው ሰው ዝናቡ አልቀረለትም። ዝናቡም ጎርፉም ነፋሱም ለሁለቱም መጣ። ጸሎተኛ ሰው ይታመማል። አስራቷን የምታወጣ እናት ልጇን ትቀብራለች። ታማኝ ሠራተኛ ከሥራ ይባረራል። «ክርስቲያን ከሆንክ ክፉ ነገር አይነካህም» እያለ የሚሰብክ ሰው ይህን የወንጌል ክፍል ዘሎታል ማለት ነው።

ደግሞ ጌታ «ይህን ቃሌን» ሲል የትኛውን ቃል ነው? ያን ሲያስተምረው የቆየውን ነው። በወንድምህ ላይ አትቆጣ። ሴትን በምኞት አትመልከት። ንግግርህ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን። ጠላትህን ውደድ። ስትመጸውት መለከት አታስነፋ። ስትጾም ፊትህን አታጠውልግ። ሰውን ይቅር በል። ስለ ነገ አትጨነቅ። አትፍረድ። መሠረቱ እነዚህ ናቸው። ስለ ክርስትና ያለን ጥሩ ስሜት፣ ለቤተ ክርስቲያን ያለን ፍቅር፣ ለእምነታችን ያለን ቅናት ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታ ቤቱን ያቆመው በእነዚያ ላይ ነው አላለም። ሰምቶ በሚያደርገው ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የእኛ ዘመን ሰው የስብከት ችግር የለበትም። ታክሲ ውስጥ፣ ወጥ ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ማታ አልጋ ላይ ሆነን እንሰማለን። አያቶቻችን በዓመት የማይሰሙትን እኛ በሳምንት እንሰማዋለን። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፣ አላቃልለውም። ግን መስማት ራሱ ያደረግን ያህል እንዲሰማን ያደርጋል። ስለ ይቅርታ የሚናገር ስብከት ሰምተን እናለቅሳለን። ዕንባችን ሲደርቅ ይቅር ያልን ይመስለናል። ያኮረፍነው ሰው ግን እዚያው ነው፤ አልደወልንለትም። ሐዋርያው ያዕቆብ «ቃሉን የምታደርጉ ሁኑ እንጂ ራሳችሁን እያሳታችሁ የምትሰሙ ብቻ አትሁኑ» ያለው ለዚህ ነው (ያዕ. 1፥22)። እንዲህ ያለው ሰው የሚያታልለው ሌላውን አይደለም፣ ራሱን ነው።

በነቢዩ ሕዝቅኤል ዘመን የነበሩትም እንዲሁ ነበሩ። ሕዝቡ በየደጃፉ እየተነጋገረ «ኑ፣ ከእግዚአብሔር የመጣውን ቃል እንስማ» ይባባል ነበር። ይመጣሉ፣ በነቢዩ ፊት ይቀመጣሉ። እግዚአብሔር ግን ለነቢዩ የነገረው የሚያሳዝን ነው። አንተ ለእነርሱ ድምፁ እንደሚያምር፣ በገናም ጥሩ አድርጎ እንደሚመታ ዘማሪ ሆነህላቸዋል፤ ቃልህን ይሰማሉ፣ ግን አያደርጉትም አለው (ሕዝ. 33፥30-32)። ስለ ሰባኪ ድምፅ፣ ስለ አነጋገሩ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ስንከራከር ይህን ቃል ብናስታውስ እወዳለሁ።

በሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ እንጦንስ የሚባል ወጣት ነበር። ወላጆቹ ሞተውበት ከታናሽ እህቱ ጋር ቀርቷል። ሀብታም ነው፣ 300 አሩራ (አሩራ የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) ለም መሬት አለው። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነበር። ጌታ ለባለጠጋው ወጣት «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» ያለበት ክፍል ነው። እንጦንስ ይህ ለእኔ ነው አለ። ወዲያው ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ሌላውን ንብረት ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ፣ ለእህቱ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገብቶ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሰማ። የቀረውንም ሰጠ፣ እህቱንም ለታመኑ ደናግል በአደራ አስረከበ። ይህን የጻፈልን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የመነኮሳት አባት የምንለው የቅዱስ እንጦንስ ሕይወት የተጀመረው እንዲህ ነው። ሁላችንም መሬታችንን ሸጠን በረሃ እንግባ ማለቴ አይደለም፤ ትዳርና ልጆች ያሉን ሰዎች ነን። እኔን የሚያስደንቀኝ ቃሉን በሰማበትና ባደረገው መካከል ጊዜ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱን ቃል ብቻ እንያዝ። እኔ ይህን መርጫለሁ፦ «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» (ማቴ. 5፥23-24)።

ይህን ከሰሙት ብዙዎቹ የገሊላ ሰዎች ነበሩ። መሠዊያው ያለው ኢየሩሳሌም ነው። ከገሊላ ኢየሩሳሌም በእግር ሦስት ቀን ያህል ያስኬዳል። አንድ የገሊላ ገበሬ ያን ሁሉ መንገድ መሥዋዕቱን ይዞ መጥቶ፣ ተራው ደርሶ መሠዊያው ፊት ሲቆም ያስቀየመው ጎረቤቱ ትዝ አለው እንበል። ጌታ ተመለስ ይለዋል። ሦስት ቀን ሂድ፣ ታረቅ፣ ሦስት ቀን ተመልሰህ ና። እኛ በአንድ ስልክ የምንጨርሰውን ነገር ዓመታት እናሳድረዋለን።

ሌላም አለ። ጌታ «አንተ ቂም ከያዝህ» አላለም። «ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው» ነው ያለው። ስለዚህ «እኔ በሆዴ ምንም የለኝም» ማለት አያድነንም። ጥያቄው እሱ ጋ ምን አለ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው። ተበድረን ዝም ያልነው፣ ከውርስ መሬት ላይ የወንድማችንን ድርሻ የገፋንበት፣ የቤት ሠራተኛችንን ወር ደመወዝ ያሳደርንበት። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ በተቀበለ ጊዜ ዝማሬ አልጀመረም። የንብረቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። ለሰው የሚገባውን ገንዘብ ይዘን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት እርቅ አይባልም። መጀመሪያ ገንዘቡ ይመለስ።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ቃል ቅዳሴው ውስጥ አስቀምጣዋለች። ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፤ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ) ሲል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞረን እጅ እንነሣሣለን። አጠገባችን ላለው፣ ለማናውቀው ሰው እጅ መንሣት ቀላል ነው። ያስቀየምነው ሰው ግን ከዓውደ ምሕረቱ ወዲያ ማዶ ቆሟል። እንዳንገናኝ ብለን እኛም በሌላ በር ገብተናል። በቅዳሴው ቂም በልቡ የያዘ ሰው ወደ ቁርባኑ እንዳይቀርብም ይነገራል። ይህን እየሰማን ስንት ዓመት አሳለፍን?

በጽዋ ማኅበር ያደጋችሁ ሌላ መልካም ነገር ታውቃላችሁ። ሁለት ማኅበርተኞች ከተጣሉ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ዝም አይልም። ጽዋው ከመጠጣቱ በፊት ይጠራቸዋል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይባላል። አንዳንዱ ይህን የድሮ ሰው ልማድ ነው ብሎ ይንቀዋል። ለእኔ ግን ወንጌልን በተግባር የማውቅበት አንዱ ይህ ነው። ማኅበራችሁ ይህን ሥርዓት ትቶ ከሆነ ብትመልሱት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይቅርታ ማለት ዱላ መቀበል ማለት አይደለም። ባሏ የሚደበድባት እህት «ታረቂ፣ ቻይው» ተብላ ወደዚያው ቤት መመለስ የለባትም። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ፣ አሠሪዋ ደመወዝ የከለከለቻት ወይም እጇን ያነሣችባት እህትም ብትሸሽ፣ ብትከስ፣ እርዳታ ብትጠይቅ ጠላትን መውደድ የሚለውን ትእዛዝ አላፈረሰችም። ክፋትን ክፋት ማለት ይቻላል። ቂሙን ለእግዚአብሔር መስጠት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ማንም ሊያስቸኩላት አይገባም። ይልቅ ለእንዲህ ያለችው እህት ትልቅ ክብር አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ፈቃድ የላትም። ሌሊት ሥራ ጨርሳ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች። ጠዋት ተነሥታ ማንም በማያያት ቤት ውስጥ አትዋሽም፣ የሰው ዕቃ አትነካም፣ አሮጊቷን በርኅራኄ ታጥባለች። እኛ ጉባኤ ላይ «ልዩ ነበር» ብለን የወጣንበትን ቃል እሷ እየሠራችበት ነው።

ይህን ሁሉ በራሳችን ጉልበት አንችለውም። ጌታም «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉምና» ብሏል (ዮሐ. 15፥5)። ጸሎት፣ ንስሐና ቅዱስ ቁርባን የተሰጡን ለዚህ ነው። ለንስሐ አባታችን የምንነግረው «ኃጢአተኛ ነኝ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ከሆነ እሳቸውም የሚረዱን በጥቅሉ ነው። «እገሌን ለሁለት ዓመት አላናገርሁትም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብንል ግን መንገዱን ያሳዩናል።

ለእርቅ ስትሄዱ ደግሞ ንግግሩን አጭር አድርጉት። «አንተም እኮ እንዲህ ብለኸኝ ነበር» የሚለውን እቤት ተዉት። ያጠፋችሁትን በስሙ ጥሩ። «ካስቀየምሁህ» አትበሉ፤ ማስቀየማችሁን ታውቃላችሁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ሩቅ አገር ከሆነ ደውሉ፤ በጽሑፍ መልእክት ብቻ አትለፉት፣ ድምፃችሁን ይስማ።

ባይቀበላችሁስ? ይህ ያጋጥማል። በር ይዘጋል፣ ስልክ አይነሣም፣ «አሁን ነው የመጣኸው?» ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ስላወቀ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» አለ (ሮሜ 12፥18)። በእናንተ በኩል ያለውን አድርጋችኋል። አትቆጡ፣ ለሰውም «ለመንሁት፣ እምቢ አለኝ» እያላችሁ አታውሩ፤ ያ ሁለተኛ በደል ይሆናል። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩ፣ የእሱ ዕዳ ካለባችሁም ገንዘቡን በሽማግሌ በኩል ላኩለት። ምናልባት ከዓመት በኋላ እሱ ራሱ ይደውል ይሆናል። ያን ጊዜ ቶሎ አንሡት።