የሥነ ምግባር ፍልስፍና፦ ዋና ዋናዎቹ አስተምህሮዎች በአንድ መርዶ ሲፈተኑ

የሥነ ምግባር ፍልስፍና «ምን ማድረግ ይገባል?» እና «ለምን?» የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመረምር የፍልስፍና ዘርፍ ነው። ትምህርት ቤት ከተማርነው ግብረ ገብ የሚለየው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ግብረ ገብ «አትዋሽ፣ ታላላቆችህን አክብር» ይላል፤ ፈላስፋው ግን መዋሸት ክፉ የሆነው በምን ምክንያት ነው፣ ደግሞስ ሁልጊዜ ክፉ ነው ወይ ብሎ ይቀጥላል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው የግብረ ገብና ዜግነት ኮርስ እነዚህን አስተምህሮዎች ይነካካል፤ ተማሪው ግን ብዙውን ጊዜ ስማቸውን ለፈተና ሸምድዶ ይወጣል። ልዩነታቸው የሚገባው አንድ ጉዳይ ላይ ሲጋጩ ሲታይ ነው። ፊሊፓ ፉት በ1967 ያነሳችው፣ አምስት ሰው ለማዳን አንድ ሰው ወዳለበት ሐዲድ የሚዞረው ትራም ዝነኛ ምሳሌ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትራሙን ለፈተና እንተወውና ለኛ ቅርብ የሆነውን መርዶ እንውሰድ።

ልጅቱ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እናቷ አርፈዋል፤ ቀብሩም በማግስቱ ተፈጽሟል። እሑድ ስትደውል ታላቅ ወንድሟ «እማዬ ደህና ናት፣ ጠበል ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» ይላታል። ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። ቤተሰቡ መክሮበታል፦ አሁን ብትሰማ ብቻዋን ናት፣ ደግፎ የሚይዛት የለም፣ አብሯት የሚያለቅስ የለም። ስትመጣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነገራታል። ወንድሟ አጥፍቷል?

እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንተም (1748–1832) ቢጠየቅ ሂሳብ ያወጣ ነበር። በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልጅ የሚገዙት ሁለት ጌቶች ተድላና ሥቃይ ናቸው ይላል፤ ትክክለኛ ሥራ ማለትም በድርጊቱ ለሚነኩ ሰዎች ሁሉ ተድላን የሚያበዛ፣ ሥቃይን የሚቀንስ ነው። መለኪያዎቹ ሰባት ናቸው፤ ኃይሉን፣ ቆይታውን፣ እርግጠኝነቱን፣ ቅርበቱን፣ ተመሳሳይ ስሜት ማስከተሉን፣ ተቃራኒው ስሜት መቀላቀሉንና ስንት ሰው እንደሚያዳርስ ያሰላሉ። የንጉሥም ሥቃይ የሎሌም ሥቃይ እኩል ይቆጠራል፤ ለዘመኑ ቀላል ሐሳብ አልነበረም። ዩቲሊታሪያኒዝም የሚባለው ይህ አስተምህሮ፣ በመጀመሪያ እይታ ከወንድሙ ጋር ይወግናል። ቀብሩ አልፏል፣ ልጅቱ ብትሰማ የሚጨመረው ሐዘን ብቻ ነው። ተከታዩ ጆን ስቱዋርት ሚል (1806–1873) ግን ተድላ ሁሉ አንድ አይደለም ይላል፤ እሱ እንደሚለው ከረካ ቂል ያልረካ ሶቅራጥስ መሆን ይሻላል። ታዲያ ባለማወቅ የተገኘ የአራት ወር ሰላም የየትኛው ወገን ነው?

ሂሳቡ ሌላም ጣጣ አለው። ወንድሙ የቆጠረው የእህቱን እንባ ብቻ ነው። ነገር ግን «ጠበል ሄዳለች» የምትለው ቃል ምን ልትሸፍን እንደምትችል አረብ አገር ያለ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እናቷ በእውነት ጠበል የሄደችባት ልጅም እንቅልፍ ታጣለች። ከዚሁ ከዩቲሊታሪያኒዝም ወገን የወጡ ሌሎች አሳቢዎች በዚህ የተነሳ እያንዳንዱን ድርጊት መመዘን ትተው ደንቡን ይመዝናሉ፦ ሁሉም ሰው መርዶ ቢደብቅ ኑሯችን ይሻላል ወይስ ይከፋል?

የኮኒግስበርጉ ጀርመናዊ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት (1724–1804) ከነጭራሹ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። በ1785 ባወጣው ሥራው ሥነ ምግባር የሚመዘነው በሚያስከትለው ውጤት ሳይሆን ድርጊቱ በቆመበት መርህ ነው ይላል፤ ዲኦንቶሎጂ ወይም የግዴታ አስተምህሮ የሚባለው ይህ ነው። መርህህ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን ትወዳለህ? ሰውንስ እንደ መሣሪያ ብቻ ነው የምትይዘው ወይስ የራሱ ዓላማ እንዳለው ፍጡር? በውሸት ላይ ያለው አቋም የከረረ ነው፤ በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው «ቤት አለ?» ብሎ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ብሏል። «እውነት ተናግረህ ከመሸበት እደር» የሚለው ተረታችን ከዚህ አጠገብ ይቆማል፤ ልዩነቱ በተረቱ የሚመሽበት ተናጋሪው ራሱ ነው፣ በካንት ጽሑፍ ግን የሚመሽበት ወዳጁ ነው። በኔ ግምት ያ ጽሑፍ ከሥራዎቹ ሁሉ ለትችት የሚመቸው ነው። ሁለተኛው ጥያቄው ግን የወንድሙን ሥራ በቀላሉ አይለቀውም። ልጅቱ በአራቱ ወር ውስጥ «ለእማዬ መድኃኒት» ብላ ብር ብትልክስ? ወንድሟ ይቀበላል? ውሸቱ ከደግነት ቢነሳም፣ በገዛ ሕይወቷ ላይ ሌላ ሰው እየወሰነላት ነው።

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ዴቪድ ሮስ በ1930 መካከለኛ መንገድ አምጥቷል። ግዴታ አንድ ብቻ አይደለም፤ እውነት መናገርም፣ ሰውን አለመጉዳትም፣ ውለታ መመለስም ግዴታ ነው፤ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያመዝን ከሁኔታው በቀር የሚነግር ቀመር የለም። ቀመር ለሚፈልግ አያረካም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቻችን የምንኖረው እንዲህ ነው።

በግዕዝም የሥነ ምግባር ጽሑፍ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ የተተረጎመው መጽሐፈ ፈላስፋ የጠቢባን አባባሎች ስብስብ ነው፤ ይመክራል እንጂ አይከራከርም። ክርክር ያለው በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ1667 እንደተጻፈ የሚናገረው ይህ ድርሰት እያንዳንዱን የሃይማኖት ሥርዓት በልቡና ብርሃን ይፈትናል፤ ባርነትንም ምንኩስናንም ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አይሄዱም ይላል፤ ሰዎች በከባድ ነገር ላይ ለምን ይዋሻሉ ብሎም ይጠይቃል። ደራሲው ማን እንደሆነ ግን ያከራክራል። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ድርሰቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ሲል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግተውለታል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከሁሉ የሚቀድመው አርስቶትል (384–322 ቅ.ል.ክ.) ሌላ በር ይከፍታል። ስለ አንድ ድርጊት ከመጠየቁ በፊት ስለ አድራጊው ጠባይ ይጠይቃል። ጀግንነት በፍርሃትና በድፍረት መካከል እንዳለ፣ በጎ ጠባይም በሁለት ጽንፎች መካከል ይገኛል፤ የሚገኘውም በልማድ ነው፦ ደግ የሚሆነው ደግ ሥራ እየሠራ ነው። መቆጣት ለማንም ቀላል ነው፤ ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው ልክ፣ በሚገባው ሰዓት መቆጣት ግን ከባድ ነው ይላል። መርዶ ነጋሪን ላየ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ሽማግሌው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት በር ሲያንኳኩ፣ ማን ከፊት እንደሚቆም፣ ውኃ የያዘው ማን እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ አራስ መኖር አለመኖሯን አስቀድመው አጣርተዋል። ለእሳቸው ጥያቄው «እውነት ወይስ ውሸት» ብቻ አይደለም። መቼ፣ በማን አፍና እንዴት የሚለውንም ያያሉ። አርስቶትል ማስተዋል የሚለው ይህንን ችሎታ ነው፤ ከመጽሐፍ አይገኝም። ተቺዎቹ ግን አስተዋዩ ሰው ሲጠፋ ምን እናድርግ ይላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

የማኅበራዊ ውል አስተምህሮ፣ ከሆብስ (1651) እስከ ጆን ሮልስ (1971)፣ ይበልጥ የሚመለከተው መንግሥትንና ፍትሕን ስለሆነ እዚህ አንቆይበትም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ካሮል ጊሊገን በ1982 ያነሳችው ግን ይመለከተናል። አንድ ሰው የሚስቱን ነፍስ ለማዳን መግዣ ያጣለትን መድኃኒት ይስረቅ ወይ ተብለው ሁለት የ11 ዓመት ልጆች ተጠየቁ። ልጁ ነፍስ ከንብረት ይበልጣል ብሎ «ይስረቅ» አለ። ልጅቱ ግን ከባለ መድኃኒቱ ጋር ለምን አይነጋገሩም፣ ቢታሰርስ ሚስቱን ማን ያስታምማታል አለች። የሥነ ምግባር ብስለትን በሚለካው በቀደመው መመዘኛ የልጅቱ መልስ እንዳልበሰለ ይቆጠር ነበር፤ ጊሊገን መመዘኛው ራሱ ግማሽ ጆሮውን ደፍኗል አለች። የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የተባለው ከዚህ አደገ፤ ግንኙነቱን ጠብቆ የሚያቆየው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ በኩል ሲታይ በወንድሙ ምክር ላይ አንድ ሰው ጎድሏል፤ አረብ አገር ያለችው እህቱ አልተጠየቀችም። ከሞቱ በኋላ መጠየቅ አይቻልም፣ አስቀድሞ ግን ይቻላል። አንዳንዷ ልጅ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች «ምንም ነገር ቢመጣ እንዳትደብቁኝ፣ ማል» ብላ ወንድሟን አስምላ ትሄዳለች። ከማለ በኋላ ጉዳዩ ሌላ ነው። በካንት ዓይን ሊጠበቅ የሚገባ ቃል ኪዳን ነው፣ በሮስ ዓይን አዲስ ግዴታ ተጨምሯል፣ ቤንተምም ሂሳቡን እንደገና ይጀምራል። «ጠበል ሄዳለች» ለማለት ስልኩን ያነሳው ወንድም ከዚያ ሁሉ በፊት የሚሰማው የኤርፖርቱን ድምፅ ነው።